አዮዋ ላይ ደጅ ስንጠና

ሐሙስ፣ ጥር 2 ቀን 2016

ከሚኒሶታዋ ሴንት ፖል ስንወጣ ገና አልነጋም። መኪናው ውስጥ ከገና የተረፈ ድፎ ዳቦ፣ ሁለት ፔርሙስ ሻይ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ፣ የበረዶ አካፋ፣ ባትሪ ማስነሻ ገመድ እና ጋሼ አሉ። ጋሼ የአባቴ ባልንጀራ ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት በጭነት መኪና አሜሪካን ሲያቋርጡ ኖረው አምና ጡረታ ወጡ። መስከረም ላይ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ስለሆኑ ባለቤታቸው እትዬ «በዚህ በረዶ አንተ መሪ አትይዝም፤ ልጅቷ ትንዳህ» አሉ። ልጅቷ እኔ ነኝ። አርባ ሊሞላኝ ነው፤ ለእትዬ ግን ገና ልጅቷ ነኝ።

የምንሄደው አዮዋ ነው። ሰኞ ማታ የአዮዋ ሪፐብሊካኖች ኮከስ አላቸው፤ የፕሬዚዳንት ዕጩ ለመምረጥ ከአገሩ ሁሉ ቀድመው የሚሰበሰቡት እነሱ ናቸው። ጋሼ የሚቀሰቅሱት ለፍሎሪዳው ገዥ ለሮን ዴሳንቲስ ነው። ራሳቸው እዚያ መምረጥ አይችሉም፤ የሚኒሶታ ሰው ናቸው፣ የእኛ ቀን ደግሞ ማርች 5 ነው። በር ማንኳኳት ግን ለማንም አልተከለከለም።

እኔ የትኛውም ፓርቲ ውስጥ የለሁበትም። የመጣሁት አንድም መኪናውን ልነዳ፣ አንድም «ወግ አጥባቂ መራጭ» የሚባለውን ሰው ከቴሌቪዥን ውጭ በገዛ በሩ ላይ ቆሜ ላየው ነው። እስከ ዛሬ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

ኢንተርስቴት 35ን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ድንበሩን ካለፉ በኋላ ያለው አገር ለጥ ያለ ነው፤ ታጭዶ ያለቀ የበቆሎ ማሳ፣ በረዶ፣ ከበረዶው በላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ረድፍ። አዮዋ ከመብራቷ ከግማሽ የሚበልጠውን የምታገኘው ከነፋስ ነው። ሕዝቧ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን አሳማዋ ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ አማተቡ።

ይህች የበቆሎ አገር በምርጫ ወራት ለምን ያን ያህል እንደምትፈለግ መንገድ ላይ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ከጠቅላላው 2,429 የሪፐብሊካን ጉባኤ ተወካዮች የአዮዋ ድርሻ 40 ብቻ ነው። ቁጥሩ ምንም አይደለም። ዋናው መቅደሟ ነው፤ ዴሞክራቶቹ በ1972፣ ሪፐብሊካኖቹ በ1976 ወደ ፊት ካመጧት ወዲህ እዚህ የወደቀ ሰው ገንዘብ ሰጪው ይሸሸዋል፣ ጋዜጠኛውም ጥሎት ይሄዳል። (እነዚህ ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው። ከዚህ በኋላም 2016 ስል የእኛን ዓመት ሳይሆን ስምንት ዓመት ያለፈውን የእነሱን ነው፤ እኔም ራሴ እየተምታታብኝ ነው።)

የጋሼ ተስፋ በታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። በ2008 ማይክ ሃካቢ፣ በ2012 ሪክ ሳንቶረም፣ በ2016 ቴድ ክሩዝ፤ ሦስቱም አዮዋን ያሸነፉት በወንጌላውያን አማኞች ድምፅና በእግር ብዛት ነው። ሳንቶረም ሚት ሮምኒን የበለጠው በ34 ድምፅ ነበር።

«ሠላሳ አራት! አንድ ክርስትና ላይ የሚጠራ ሰው አይሞላም እኮ!» አሉ።

«ከሦስቱ ዕጩ የሆነ አለ?» አልኳቸው።

ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። አንድም የለም።

የአዮዋ ዋና ከተማ ዴሞይን ደረስን። በዋዜማው እዚሁ ድሬክ ዩኒቨርሲቲ ዴሳንቲስና ሌላዋ ተፎካካሪ ኒኪ ሄሊ ተከራክረዋል፤ ዶናልድ ትራምፕ ከክርክሩ ቀርቶ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ከተማ፣ በሌላ ቴሌቪዥን ለብቻው ጥያቄ ሲመልስ አመሸ። ሌላው ተወዳዳሪ ክሪስ ክሪስቲ ከውድድሩ ራሱን አግልሏል። የሞቴሉ እንግዳ ተቀባይ መታወቂያችንን እያየች «ጋዜጠኞች ናችሁ ወይስ በር አንኳኪዎች?» አለችን። ሦስተኛ ዓይነት ሰው በዚህ ወር አይመጣም ማለት ነው።

ዓርብ፣ ጥር 3

በረዶው ሌሊት ጀመረ፤ ሲነጋ መንገዱ የለም። ሄሊ ስብሰባዎቿን በስልክ አደረገች፤ ትራምፕም የቅዳሜውን ሰልፎቹን ሰረዘ። እኛም በር ማንኳኳቱ ቀርቶ ስልክ መደወል ሆነ ሥራችን።

ጋሼ የተጻፈ ንግግር ተሰጥቷቸዋል። ሦስት ሰው ጋ አነበቡት፤ ሦስቱም ዘጉት። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው በራሳቸው መንገድ ገቡበት፦ «ጌታዬ፣ እኔ ከኢትዮጵያ የመጣሁ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፤ የእናንተን በቆሎ ሃያ ስምንት ዓመት አመላልሻለሁ።» ይኼኛው አልተዘጋም። አንዱ አዛውንት ስለ ናፍጣ ዋጋ፣ ስለ ሚዛን ጣቢያ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ሩብ ሰዓት አወራቸው። በመጨረሻም «አንተ ደህና ሰው ነህ፤ ድምፄን ግን ለትራምፕ ነው የምሰጠው» ብሎ ተሰናበተ። ጋሼ ስልኩን እንደ ስኬት አስቀመጡት።

ማታ የቀረውን ድፎ ዳቦ ቆርሰን በላን። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 4

ዛሬ ስለሆነው በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ሰማዩ ጠራ፤ ብርዱ ግን ጨመረ። ነፋሱ ሲደመርበት ከዜሮ በታች 30 ፋራናይት ያህል ይሰማል። እንዲህ ያለ ቀን የአፍንጫ ፀጉር ይደርቃል፤ እስክሪብቶ አይጽፍም። የቤቶቹ ዝርዝር ያለበት ስልኬ ከኪሴ ባወጣሁት በአምስት ደቂቃው ጠፋ። ደግነቱ ጋሼ የድሮ ሰው ናቸው፤ ማታ ሁሉንም አድራሻ በእርሳስ በወረቀት ገልብጠውታል፣ ያውም በአማርኛ ፊደል። «ኦክ ስትሪት» የሚለውን በግዕዝ ፊደል ሳነብ አዮዋ ለአፍታ ገርጂ መሰለችኝ።

በአማርኛ «ደጅ መጥናት» የምንለውን እስከ ዛሬ የተረዳሁት ለባለሥልጣን ብቻ ነበር። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል፤ ደጅ ጠኚው ባለ ትልቅ ቤቱ ሰው ራሱ ነው። ዴሳንቲስ ራሱ 99ኙንም የአዮዋ ካውንቲዎች (እንደ እኛ ወረዳ ናቸው) አዳርሷል፤ የመጨረሻውን የረገጠው ዲሴምበር መግቢያ ላይ ነው። ይህ «ሙሉ ግራስሊ» ይባላል፤ በየዓመቱ 99ኙን ሁሉ በሚዞሩት በሽማግሌው ሴናተር በቸክ ግራስሊ ስም ነው። ገዥዋ ኪም ሬይኖልድስ ደግፋዋለች። በወንጌላውያኑ ዘንድ ቃሉ የሚሰማው ቦብ ቫንደር ፕላትስም ደግፎታል። በሩን ለማንኳኳት ከዘመቻው ውጭ የቆመ ኔቨር ባክ ዳውን የሚባል ድርጅት ከየአገሩ ሰው ቀጥሮ አሰማርቶለታል። ሄሊም ባለሀብቱ የኮክ ቤተሰብ ያቋቋመው ድርጅት ሠራዊት አላት። በዚህ ላይ እኛ ሁለት ሐበሾች ተጨምረናል። አንዳንድ በር እጀታ ላይ አራት ካርድ ተንጠልጥሎ አየሁ፤ አምስተኛውን ማንጠልጠል አፈርኩ።

ግማሹ ቤት አይከፍትም። በደወሉ ካሜራ ውስጥ ድምፅ ይመጣል፤ ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ለአንዲት ቁልፍ እጅ ይነሳሉ። የሚከፍተው ሰው ደግሞ ክፉ አይደለም፣ «ግቡ፣ ትሞታላችሁ» ይላል። የገረመኝ ዴሳንቲስን የሚጠላ አለማግኘታችን ነው። «እወደዋለሁ፤ ተራው ግን አይደለም» አለን አንዱ። ሁለተኛዋ «በ2028 ይምጣ፣ እመርጠዋለሁ» አለች። ሦስተኛውም ያንኑ ደገመው። ሰልፍ ይዘው እንደቆሙ ያህል ነው የሚያወሩት፤ ትራምፕ ፊት ቆሟል፣ ሰው ሳይስተናገድ አይታለፍም።

ጋሼ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። ትራምፕ አንድ ዘመን ሠርቷል፤ ቢመረጥም የሚቆየው አራት ዓመት ነው፤ ዴሳንቲስ ግን ስምንት ዓመት ይሠራል። «አንድ በሬ ለአራት ዓመት ከመግዛት ለስምንት ዓመት የሚያርስ አይሻልም?» ይሏቸዋል። የበሬዋን ነገር የጨመሯት ከራሳቸው ነው። ገበሬዎቹ ይስቃሉ። ስቀውም አይመጡም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የክሱ ነገር ነው። ትራምፕ በአራት መዝገብ 91 ክስ ተከፍቶበታል። ጋሼ ይህን ሲያነሱ «እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ያሸንፋል?» የሚል ስጋት የሚጭሩ መስሏቸው ነበር። የሚጭሩት ግን ቁጣ ነው። ከቤተሰብ አንዱ ሲታሰር የተጣላውም ዘመድ ስንቅ ይዞ እንደሚመጣው ነው፤ አምና በመጀመሪያው ክስ ጊዜ ዴሳንቲስን ሲያስቡ የነበሩ ሰዎች ተመልሰው የገቡት በዚህ በር ይመስለኛል። ሁለት ሦስት ቤት ከሞከሩ በኋላ ጋሼም ተዉት።

አንድ አዛውንት ብቻ፣ ፒክአፑን ለማስነሳት ሲታገል ያገኘነው፣ ጋሼ ባትሪውን አብረውት ሲያዩ ቆይተው ስለ ዴሳንቲስ ሲነግሩት «አስብበታለሁ» አለ። ጋሼ ወረቀታቸው ላይ ከስሙ አጠገብ ትንሽ መስቀል አደረጉ። የቀኑ ብቸኛ መስቀል ናት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጣቶቼ እየደነዘዙ ሳለ አንዲት ስልሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ከፍታ ጎትታ አስገባችን። ወጥ ቤት አስቀምጣ ቡና ቀዳችልን፤ ቀጭን ነው፤ ግን ትኩስ ነው። ጋሼ ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ ከግድግዳው ስላዩ በጽንስ ማቋረጥ ገቡ፤ ዴሳንቲስ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጽንስ ማቋረጥን የሚከለክለውን ሕግ በፍሎሪዳ ፈርሟል፣ የናንተዋም ገዥ እንዲሁ፤ ትራምፕ ግን የፍሎሪዳውን ሕግ ከባድ ስህተት ነው ብሎ በቴሌቪዥን ተችቷል። ይህ የጋሼ ትልቁ ጥይት ነው፤ እውነትም ነው።

ሴትየዋ ጨርሰው እስኪናገሩ ጠበቀች። «ትክክል ነዎት፤ ያን ሲናገር አልወደድኩለትም» አለች። «ግን ሃምሳ ዓመት ጸለይን። ብዙ ፕሬዚዳንት ቃል ገባልን። ዳኞቹን የሾመልን እሱ ነው።» በ2022 የጽንስ ማቋረጥን አገር አቀፍ መብት ከሻሩት ዳኞች ሦስቱ የትራምፕ ሹመት ናቸው። ጋሼ ዝም አሉ። እኔ ሐሳቡ ባይስማማኝም መልሱ መልስ መሆኑን አልክድም።

ያኔ ነው ማቀዝቀዣው ላይ ዓይኔ ያረፈው። በማግኔት የተለጠፈ ተራ ወረቀት፤ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ተሰጥቶ ስም ተጽፎበታል። ከስድስቱ ጎን በእርሳስ ምልክት አለ። ከአንዱ ስም ሥር «መኪና ይፈልጋል»፣ ከሌላው ሥር «ከልጇ ጋር ተመልሼ ልሂድ» ይላል። መስቀያው ላይ ደግሞ በወርቃማ ክር የተጠለፈበት ነጭ ኮፍያ ተሰቅሏል። የትራምፕ የኮከስ ካፒቴን ናት። ሥራዋ እስከ ዛሬ ኮከስ ወጥተው የማያውቁ አሥር ጎረቤቶቿን ይዛ መምጣት ነው።

«ታዲያ ለምን ሳይነግሩን አስገቡን?» አሉ ጋሼ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው።

«በርዷችሁ ነበራ።»

ስንወጣ «ሰኞ ኑና እዩ፤ እንግዳ ከኋላ መቀመጥ ይችላል» ብላ አዳራሹን ጠቆመችን። መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩ እስኪሞቅ ጋሼ አልተናገሩም። ዝርዝሩ ላይ ሰባተኛው ስም የፒክአፑ ሰውዬ ነው። እኔ አይቻለሁ፤ እሳቸው ይዩ አይዩ አላወቅሁም።

ማታ የዴሞይን ሬጂስተር ጋዜጣ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ወጣ፤ ትራምፕ 48፣ ሄሊ 20፣ ዴሳንቲስ 16 በመቶ። ጋሼ «ብርዱን አልቆጠረም» አሉና ተኙ።

እሁድ፣ ጥር 5

የሞቴላችን ማሞቂያ ሌሊት ቆሞ በካፖርት አደርን። መኪናዋም እምቢ አለች። አንድ ማንነቱን የማላውቀው ሰው በፒክአፑ አስነሳልንና ስሙንም፣ የሚመርጠውንም ሳይነግረን ሄደ። በዚህ ሳምንት ይህ ጸጋ ነው።

ጠዋት በአቅራቢያው ያለ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጋሼ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ሊያወልቁ ጎንበስ ብለው ምንጣፉን አይተው ተዉት። ፓስተሩ የአንድም ዕጩ ስም አልጠራም፤ ነገ ማታ በብርዱ ለሚወጡ ሰዎች ብቻ ጸለየ። ካለቀ በኋላ ቡናው ጋ ግን ወሬው ሁሉ እሱው ነው።

ቀትር ላይ ትራምፕ ኢንዲያኖላ፣ ሲምፕሰን ኮሌጅ ይናገራል። ጋሼ «እኔ ተቀናቃኝ ድንኳን አልገባም» ብለው ሞቴል ቀሩ፤ እኔ ሄድኩ። ሰልፉ ውጭ ነው፤ ሰዉ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጫማው ውስጥ የእጅ ማሞቂያ ከቶ ይረግጣል። ከፊቴ ያሉት ባልና ሚስት ከንጋት ጀምሮ ቆመዋል። ትናንት በር ላይ ለማሳመን ስንታገልለት የነበረው ዓይነት ሰው እዚህ ማንም ሳያሳምነው ቅንድቡ ላይ በረዶ እየሠራ ይቆማል። በአዳራሹ ውስጥ ነጫጭ ኮፍያዎቹ እዚህም እዚያም ይታያሉ። ትራምፕ ስለ ብርዱ ቀለደ፤ ታማችሁም ቢሆን ውጡ፣ መርጣችሁ ብትሞቱም ዋጋ አለው የሚል ቀልድ ነው። ሰዉ ሳቀ። እኔ እትዬን አስቤ ሳቅሁ፤ እሷ ብትሰማ ጋሼን በዚያው ቀን በአውሮፕላን ታስመጣቸው ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ነው፤ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ጠዋት ጥቂት በር አንኳኳን፤ ሰዉ ጨርሷል። «ዛሬ ማታ እኮ ነው» ብለው ይስቁብናል።

ማታ በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ላይ ሴትየዋ ወደ ጠቆመችን አዳራሽ ሄድን። የትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ነው፤ ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ ትልልቅ ገበሬዎች ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። ኮከስ ቀላል ነገር ነው። በር ላይ ስምህን ይመዘግባሉ፤ ሪፐብሊካን ካልሆንክም እዚያው መሆን ትችላለህ። ከዚያ ለየዕጩው አንድ ሰው ይናገራል። ከዚያ ባዶ ቁራጭ ወረቀት ይታደላል፤ የምትፈልገውን ስም ጽፈህ ትከታለህ። የድምፅ መስጫ ክፍል የለም፣ ማሽን የለም፤ የተሰበሰበው በፖፕኮርን ባልዲ ነው።

ሴትየዋ ነጩን ኮፍያ አድርጋ በር አጠገብ ቆማለች፤ ወረቀቱ በእጇ ነው። ዘጠኙ መጥተዋል። ሰባተኛው የለም። ሰዓቱን ታያለች፣ በሩን ታያለች፣ ስልኳን ታነሳለች። በሩ ሊዘጋ ሲል ባሏ ገባ፤ ከኋላው ጢሙ ላይ በረዶ የሠራ የፒክአፑ አዛውንት። ባትሪው እምቢ ብሎታል፤ ሄዶ ያመጣው ባሏ ነው። አዛውንቱ ጋሼን ከኋላ ወንበር ላይ አያቸውና ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለ። ጋሼም እጅ ነሱ። ሴትየዋ በእርሳሷ አንድ ምልክት አደረገች።

ንግግሩ ተጀመረ። ስለ ትራምፕ የተናገረችው እሷው ናት፤ ሁለት ደቂቃም አልፈጀባትም። «ሁላችሁም ታውቁኛላችሁ» ብላ ጀመረች፤ የቀረው ትርፍ ነበር። ስለ ዴሳንቲስ የተነሳው ወጣት መምህር ነው፤ ወረቀት ይዟል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ጥሩ ይናገራል። ስለ ትምህርት ቤት ሲያወራ ጋሼ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው ይሉታል፤ ነጥቦቹን ሁሉ በቃላቸው ያውቋቸዋል።

ልጁ ገና ሳይጨርስ ስልኮች መንዘር ጀመሩ። አንዱ ኪስ፣ ከዚያ ሌላው። ከፊቴ ያለው ሰው ስክሪኑን ለሚስቱ አሳያት። የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ ትራምፕ አሸነፈ ብሏል። ስብሰባው ከተከፈተ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ በዚህ ክፍል አንድ ወረቀት አልታደለም። ልጁ ክፍሉ እንደተለወጠ አይቷል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ቀና ብሎ አየን፤ ወደ ወረቀቱ ተመልሶ እስከ መጨረሻው አነበበ። ሰዉ አጨበጨበለት፤ ከአንጀት ነበር።

ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አቦል ሳይቀዳ በረካ ተጠጣ አሉ» አሉ።

ቆጠራው በጠረጴዛ ላይ፣ በሁሉ ፊት፣ ጮክ ተብሎ ነው። ትራምፕ፣ ትራምፕ፣ ሄሊ፣ ትራምፕ፣ ዴሳንቲስ፣ ትራምፕ። «ዴሳንቲስ» በተባለ ቁጥር ጋሼ በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ። የፒክአፑ ሰውዬ የጻፈውን አላወቅንም።

በጠቅላላው ትራምፕ 51 በመቶ፣ ዴሳንቲስ 21፣ ሄሊ 19፣ ቪቬክ ራማስዋሚ 8 ገደማ አገኙ። ራማስዋሚ በዚያው ሌሊት ከውድድሩ ወጣ። ዴሳንቲስ ተመላልሶ ከረገጣቸው 99 ካውንቲዎች አንዱንም አላሸነፈም፤ ትራምፕ 98ቱን ወሰደ፣ ጆንሰን ካውንቲን ብቻ ሄሊ በአንድ ድምፅ በለጠችው። የወጣው ሰው 110,000 ገደማ ነው፤ በ2016 ከ186,000 በላይ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

መንገዱ ደርቋል። ኤምስን እስክናልፍ ጋሼ ስለ ዜና ማሠራጫው ተቆጡ፤ ዘመቻውም ያንኑ አቤቱታ እያሰማ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን በ30 ነጥብ የተሸነፈ ሰው በዚህ ምክንያት አልተሸነፈም። ይህን አልነገርኳቸውም። ክሊር ሌክ ላይ ቤንዚን ስንቀዳ ተረጋጉ።

«ሽማግሌ ተላከ» አሉ። «ገዥዋ ሄደች። ፓስተሮቹ ሄዱ። እኔም ሄድኩ። ምን ጎደለ?»

እኔ የማቀዝቀዣውን ወረቀት ነገርኳቸው። አሥር ስም፣ እርሳስ፣ «መኪና ይፈልጋል»። ከፍሎሪዳና ከሚኒሶታ የመጣ ሰው የሰውዬው ባትሪ ደካማ መሆኑን ቅዳሜ ያውቃል፤ ሰኞ ማታ ሄዶ የሚያመጣው ግን ጎረቤቱ ነው።

«አይቻለሁ ወረቀቱን» አሉ ጋሼ። «ሰባተኛው እሱ ነበር።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እሱ ብቻ አይደለም፣ ልጄ። ልጅቱ አግብታለች። እኛ ሽማግሌ የላክነው ያገባች ሴት ቤት ነው። ቡና አጠጥታ ሸኘችን፤ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?»

ከዚያ እስከ ሴንት ፖል ተኙ። ቆሎው አልቋል።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ይህን የምጨምረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዴሳንቲስ ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ራሱን አግልሎ ድጋፉን ለትራምፕ ሰጥቷል። ጋሼ ቤት ጥምቀትን ለማክበር ተሰብስበን ስለነበር ቪዲዮውን አብረን አየነው፤ ማንም ምንም አላለም፣ እትዬ ብቻ ድምፁን ቀንሱት አለች።

ዛሬ ለአስተርእዮ ማርያም ጠርተውኝ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ከፈንዲሻው አጠገብ የሚኒሶታ የፖስታ ድምፅ መስጫ ተቀምጧል። የስሞቹ ዝርዝር ጃንዋሪ መግቢያ ላይ ስለተዘጋ የወጡትም ያሉትም አንድ ላይ ታትመዋል፤ ክሪስቲ አለ፣ ራማስዋሚ አለ፣ ሄሊና ትራምፕ አሉ፣ ዴሳንቲስም አለ።

«ስሙ አሁንም አለ» አሉ ጋሼ መነጽራቸውን እያጠለቁ።

«አየሁት።»

«እስክሪብቶ ይዘሻል?»

ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡና ቀና ብለው አዩኝ።

«በይ ዞር በይ። እዚህ ባልዲ የለም።»